የተመለሰው ቅርጫት

ሰው አብሮ ሲጓዝ መዋደዱ የሚታወቀው በጨዋታው ሳይሆን በዝምታው ነው። የሚዋደዱ ሰዎች ዝምታ እንደ ዛፍ ጥላ ይመቻል፤ ነገር የተሸሸገበት ዝምታ ግን በመካከል ገብቶ እንደ ሦስተኛ ተሳፋሪ ይደላደላል። ዓርብ ማለዳ ናሳሪዮና ኤሎኢሳ ከጓዳላሃራ ተነሥተው ወደ ባሕሩ ቁልቁል ሲወርዱ፣ በአሮጌዋ ፒክአፕ ውስጥ እንዲህ ያለው ተሳፋሪ አብሯቸው ነበር። ምስኪን፣ መቀመጫ እንኳ አላገኘም፤ መካከሉን ኮሚኖ ይዞታል።

ኮሚኖ ውሻ ነው። ስሙ ከሙን ማለት ሲሆን ጠጉሩም የተቆላ ከሙን ይመስላል፤ አንድ ጆሮው ይቆማል፣ ሌላው ይተኛል። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ዝናባማ ከሰዓት በኋላ ናሳሪዮ በሚሠራበት የሞተር ጋራዥ ደጃፍ ተጠልሎ ሲንቀጠቀጥ፣ መኪናዋ ተበላሽታባት የመጣችው ኤሎኢሳ የሐር ሻርፗን ከአንገቷ ፈትታ አደረቀችው። «ውሻው ያንተ ነው?» ብላ ጠየቀች። «እስካሁን አልነበረም፤ አንቺ ከያዝሽው ወዲህ ግን የኔ ቢሆን ደስ ይለኛል» አላት ሜካኒኩ። ፍቅራቸው የተጀመረው በዚህ ነው። ከዚያ ወዲህ ኮሚኖ ከሰኞ እስከ ዓርብ በጋራዡ፣ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ የኤሎኢሳ አባት በሆኑት በስመ ጥሩው ሰነድ አረጋጋጭ የአትክልት ስፍራ ይኖራል። በከተማው ውስጥ ሁለቱንም ዓለም በእኩል መብት የሚረግጥ ፍጡር እሱ ብቻ ነበር።

«ጌታው፣ ዛሬ ምላስህን ጋራዥ ረስተኸው መጣህ?» አለች ኤሎኢሳ፣ ፒክአፗ የአንዲት መንደር መግቢያ ላይ ያለውን ጉብታ ለማለፍ ስታዘግም።

«መንገዱ ጠመዝማዛ ነው። እየነዳሁ ነው።»

«ለፋሲካ እናትህን ልንጠይቅ በዚሁ መንገድ ስንመጣ እየነዳህም፣ እየዘፈንህም፣ ማንጎ እየላጥህም ነበር።»

«ማንጎውን የላጥሽው አንቺ ነሽ።»

«እሱን ታስታውሳለህ? ተመስገን፣ ገና አልሞትህም።»

ሳይወድ ሳቀ። ጉብታው አጠገብ ከቆሙት ሴቶች የኮኮናት ከረሜላ ገዝቶ ሰጣት፤ ስትቀበለውም ጣቶቿን ከሚገባው በላይ ጥቂት ይዞ አቆያቸው። ዓይኖቹ ፊቷ ላይ እንደ መሐላ ተተከሉ። ሰው ሊለየው የተዘጋጀውን ነገር የሚያይበት ዓይነት አተያይ ነበር። ኤሎኢሳ ግን ይህን ከየት ታውቃለች? «ሰልችቼዋለሁ» ስትል አሰበች፤ ከረሜላውም በአፏ ውስጥ ጣዕሙን አጣ።

የናሳሪዮን ምላስ ያሰረው አንድ ቅርጫት ነው።

የተወለደባት ኤል ሳሊትራል ከመቶ ቤት የማትበልጥ የዓሣ አጥማጆች መንደር ናት። በዚያች መንደር ሴት ልጅ በአፍ አትጠየቅም። የወንዱ እናት አሥራ ሁለት ዳቦና በቤት የተፈጨ ቸኮላት በዘንባባ ቅርጫት ሞልታ፣ ነጭ ጨርቅ አልብሳ ከልጅቷ ቤት ታደርሳለች፤ ስለ ሙቀቱና ስለ ዓሣው ተጫውታ፣ ስለ ጋብቻ ትንፍሽ ሳትል ትመለሳለች። ቅርጫቱ ስምንት ቀን ካደረ እሺ ማለት ነው። ከተመለሰ እምቢ ማለት ነው። ቃል ከአፍ ስላልወጣ ማንም አያፍርም፤ በማግስቱ ሁለቱ እናቶች ገበያ ላይ ተገናኝተው እንዳልሆነ ሆነው ሰላምታ ይለዋወጣሉ። ደግ ሥርዓት ነው፤ ለሚያውቁት።

ከሦስት ሳምንት በፊት የናሳሪዮ እናት ዶኛ ክሪሳንታ የክት ልብሳቸውን ለብሰው፣ ቅርጫቱን በጭናቸው ይዘው፣ ግማሽ ቀን በአውቶቡስ ተጉዘው ጓዳላሃራ ገቡ። የኤሎኢሳ እናት ሳሎን ውስጥ አስቀምጠው፣ የሎሚ ጭማቂ አቅርበው፣ እስከ ውጭው በር ድረስ ሸኟቸው። በሦስተኛው ቀን የቤቱ ሾፌር ቅርጫቱን ጋራዥ ድረስ ይዞ መጣ። ታጥቧል፤ ጨርቁ ተተኩሷል፤ ውስጡም አንድ ትልቅ የብርቱካን ኬክ ተቀምጦበታል። ናሳሪዮን ከሁሉ ይልቅ ያቆሰለው ኬኩ ነበር። «ባለጸጋ ሰው እምቢታውንም በስኳር ይቀባዋል» አለ በልቡ። ቅርጫቱን ከነኬኩ ለእናቱ ላከና፣ በዚያው ሳምንት ከማዛትላን ወደብ በሚነሣ የቱና አጥማጅ መርከብ ሞተር ክፍል ውስጥ ለሁለት ዓመት ለመሥራት ተስማማ። የሚሄደው ሰኞ ነው። ይህን የሚያውቁት እናቱ ብቻ ናቸው። ይህ የሦስት ቀን ጉዞ ስንብት መሆኑን ኤሎኢሳ አልሰማችም።

እሷ የምታውቀው እናቷ የነገሯትን ብቻ ነበር፦ «የናሳሪዮ እናት መጥተው ዳቦ አመጡልን፤ እንዴት ያሉ ጨዋ ሴት ናቸው!» እናም በዚህ ጉዞ ላይ፣ በባሕሩ ዳር፣ እንደሚጠይቃት በልቧ ተማምና ነበር።

*

ቀትር ላይ ባሕሩ ዳር ደረሱ። የወሽመጡ ዳርቻ እንደ ግማሽ ጨረቃ የታጠፈ ነው፤ በአንደኛው ጫፍ የዶን ሲሪሎ የዘንባባ ዳስ አለ። ዶን ሲሪሎ ዓሣና ቀዝቃዛ ኮኮናት የሚሸጡ፣ ድንኳን ተካዮችን የሚቆጣጠሩ፣ ማንም ሳይሾማቸው የባሕሩ ዳር ሹም የሆኑ ሽማግሌ ናቸው።

«ወደ ላይ ራቅ በሉ!» አሉ፣ ናሳሪዮ የድንኳኑን ካስማ መምታት ሲጀምር። «ማዕበሉ አሁን ትሑት ነው። ማለዳ ግን ጎረቤት ሊጠይቅ ይወጣል። ውሻውንም ጀምበር ሳትጠልቅ እሰሩት፤ ኤሊዎቹ እንቁላል የሚጥሉበት ወር ነው። አምና የአንዱ እንግዳ ውሻ ሦስት ጎጆ ቆፍሮ ጨረሰብኝ።»

«ኮሚኖ እንኳ ጨዋ ነው፣ ዶን ሲሪሎ» አለች ኤሎኢሳ።

«ልጄ፣ ጨዋነት እንቁላል እስኪሸት ድረስ ነው።»

ኮሚኖ በበኩሉ ስለ ጨዋነቱ የሚባለውን አልሰማም። ማዕበሉ ሲሸሽ ያሳድደዋል፤ ማዕበሉ ሲመለስ ደግሞ ጭራውን ወሽቆ ይሮጣል፤ ከዚያም ያሸነፈ መስሎት ዘወር ብሎ ይጮኽበታል። ኤሎኢሳ ጫማዋን አውልቃ ተከተለችው። ናሳሪዮ መዶሻውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። እርጥብ አሸዋው ላይ የሁለቱን ዱካ አየ፤ የሴቲቱንና የውሻውን። በሕይወቱ የፈለገው ሁሉ እዚያ ታትሞ ነበር፤ ውኃው ሊወስደው እየመጣም ነበር።

«ባልና ሚስት ናችሁ?» አሉ ዶን ሲሪሎ፣ ሁለት ኮኮናት ከፍተው ሲያቀብሏቸው።

«አይደለንም» አለ ናሳሪዮ።

ኤሎኢሳ «ገና ነን» የሚለውን ጠበቀች። ትንሽ ቃል ናት፤ ሰው እንደዋዛ፣ ለሽማግሌ አክብሮት ብሎ እንኳ የሚጨምራት። ናሳሪዮ አልጨመራትም። ሽማግሌው ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው አዩና፣ ብዙ ዘመን የኖረ ሰው ስለሆኑ፣ ስለ ኮኮናቱ ማውራት ጀመሩ። እሷም ራሷን ቀና አድርጋ ጠጣች።

*

ጀምበር ልታዘቀዝቅ ስትል ናሳሪዮ በዶን ሲሪሎ ምድጃ ላይ፣ በቀይ በርበሬና በሎሚ የታሸ ትልቅ ዓሣ ዘርግቶ ይጠብስ ጀመር። ያን ሰዓት ባሕሩ እንደ ቀለጠ መዳብ ነበር። ኤሎኢሳ የውሻውን ገመድ ልታመጣ ወደ ፒክአፗ ሄደች፤ የዳሽቦርዱን መሳቢያ ከፈተች። ገመዱ እዚያ ነበር። ከሥሩ ደግሞ ስሟ የተጻፈበት ፖስታ ተቀምጧል።

የሰው ደብዳቤ መክፈት ነውር ነው፤ ስሟ የተጻፈበት ግን የሰው አይደለም። ልቧ በደስታ ዘለለ። «ለካ ጽፎልኛል! ለካ ዝም ያለው ቃሉን በወረቀት አኑሮ ነው!» ብላ፣ የፒክአፗ ደፍ ላይ ተቀምጣ ከፈተችው።

«ኤሎኢሳ፣ ይህን ስታነቢ እኔ ወደ ማዛትላን መንገድ ጀምሬያለሁ። ፊት ለፊት ልነግርሽ ሞክሬ ነበር፤ ዓይንሽን ሳይ ቃሉ እንደ ዓሣ ከእጄ ይሾልካል። በቱና መርከብ ላይ ለሁለት ዓመት እሠራለሁ። የእናትሽን መልስ ተቀብያለሁ፤ አልተቀየምኳቸውም። ልጃቸውን እንደ ዓይናቸው ብሌን ያሳደጉ ሰዎች፣ እጁ ከግራሶ ለማይጠራ ሰው አንሰጥም ቢሉ አይፈረድባቸውም። ከእኔና ከቤተሰብሽ አንዱን ምረጪ ማለት ደግሞ ለሚወድሽ ሰው አይገባም። ይህን ባሕር ዳር ላሳይሽ ቃል ገብቼ ነበርና ፈጽሜዋለሁ። ኮሚኖ ካንቺ ጋር ይቅር። ከሁለታችን ቢያንስ አንዱ ብቻውን አይሁን። ናሳሪዮ።»

ሁለት ጊዜ አነበበችው። በመጀመሪያው አልገባትም። በሁለተኛው ግን የመጨረሻዎቹ መስመሮች ላይ ስትደርስ፣ ስለ ውሻው የተጻፈው ላይ፣ ከፒክአፗ ደፍ ተነሥታ ቆመች። ናሳሪዮ ውሻውን ትቶ የሚሄድ ከሆነ፣ በእርግጥ ሊሄድ ነው።

*

«ገመዱን አገኘሽው?» አለ ናሳሪዮ ሳይዞር፣ የዓሣውን ጎን እየገለበጠ። መልስ ሲያጣ ቀና አለ። በአንድ እጇ ገመድ፣ በሌላው ወረቀት ይዛ ቆማለች።

«ይህን መቼ ልትሰጠኝ ነበር?»

«እሑድ… ስንመለስ። ቦርሳሽ ውስጥ ልከተው ነበር።»

«ደጄ ላይ አውርደኸኝ፣ ግንባሬን ስመህ፣ ‹ደህና እደሪ› ብለህ! እኔም ፀሐይ እንዳከሰለኝ፣ ደስ እንዳለኝ፣ አሸዋዬን እያራገፍሁ ልገባ!»

«ኤሎኢሳ…»

«ዝም በል! ሦስት ሳምንት ዝም ማለት ችለህ የለ? አሁን ተራው የኔ ነው። ይህ ደብዳቤ አይደለም፣ ኑዛዜ ነው። ውሻ አውርሰኸኛል! ኑዛዜ ደግሞ እኛ ቤት ያለ ምስክር አይጸናም፤ አባቴን ጠይቃቸው!»

ዶን ሲሪሎ ለዓሣው ሎሚ ፍለጋ የሄዱ መስለው ወደ ዳሳቸው ጓሮ ገቡ፤ ሎሚው ግን ጠረጴዛው ላይ ነበር።

«የእናቴ መልስ ትላለህ» አለች ኤሎኢሳ፣ ድምፅዋ እየተሰበረ። «የምን መልስ? እናቴ ምን ተብላ ተጠየቀች?»

«ቅርጫቱን መለሱት።»

«የቱን ቅርጫት?»

«የእናቴን። የዳቦውን። በሦስተኛው ቀን።»

«አዎ መለሰችው! የሰው ዕቃ አይደለም እንዴ? ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ሞልቶ መመለስ አለበት። እኛ ቤት የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም።»

«እኛ ዘንድ» አለ ናሳሪዮ በቀስታ፣ «ጭራሽ አይመለስም።»

ማዕበሉ መጥቶ ተመለሰ። ደግሞ መጣ። ናሳሪዮ ዓይኑን ከእሳቱ ሳያነሣ የኤል ሳሊትራልን ሥርዓት ነገራት፤ ስለ አሥራ ሁለቱ ዳቦ፣ ስለ ስምንቱ ቀን፣ እናቱ ስለ ሙቀቱ ብቻ ተጫውተው ስለመመለሳቸው። ኤሎኢሳ ቀስ ብላ አሸዋው ላይ ተቀመጠች።

«ያ ዳቦ ጥያቄ ነበር?»

«ጥያቄ ነበር።»

«ናሳሪዮ፣ ጥያቄህን እኮ በልቼዋለሁ! ሦስቱን ዳቦ! አንዱን በቅቤ!»

ሳቋና ዕንባዋ አንድ ላይ ወጡ፤ የቱ እንደቀደመ እሷም አላወቀችም። «እናቴ ያን ኬክ በገዛ እጇ ነው የጋገረችው፤ ታውቃለህ? በሃምሳ ስምንት ዓመቷ! ምድጃው አጠገብ ስትንቆራጠጥ ዋለች። ‹የእኚህ ሴት ዳቦ እንደ ደመና ነው፤ እኔ ከሱቅ ገዝቼ ብልክ አያፍሩብኝም?› ትለኛለች። ሁለቱ ተቃጥሎባት ሦስተኛውን ነው የላከችልህ።»

ናሳሪዮ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ከዚያም ሊያነሣት እጁን ዘረጋላት፤ ኤሎኢሳ ግን አልያዘችውም።

«ቆይ። ቅርጫቱስ ይሁን። የእናቴም የእናትህም ጥፋት የለበትም። አንተን ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ እንዳትዋሸኝ። ቅርጫቱ በእውነት እምቢታ ቢሆን ኖሮ፣ እኔን ሳትጠይቅ ትሄድ ነበር?»

መዋሸት ይችል ነበር። አልዋሸም። «አዎ» አለ።

«እንግዲያው እኔን የሚያመኝ እሱ ነው። እናቴ ቅርጫት መለሰች። አንተ ግን እኔን ልትመልስ ነበር።»

ናሳሪዮ ከአጠገቧ፣ ሳይነካት ተቀመጠ። እንዲህም አለ፦ «ሰው ሞተር ሲያመጣልኝ ከፍቼ ሳላይ አልፈርድም። ‹አለቀለት› ያሉኝን ሞተር ስንቴ አስነሥቻለሁ። ያንቺን ነገር ግን ከውጭ ሆኜ ድምፁን ብቻ ሰማሁና አይሠራም አልሁ። ፈርቼ ነው። ‹አባቴ ቤት ድሮም አትገባም ነበር› ከምትይኝ፣ በራሴ ብወጣ ይሻለኛል ብዬ።»

«እኔ እንዲህ የምል ሰው ነኝ?»

«አይደለሽም።»

ወደ እሱ ዞረች። በዓይኖቿ ውስጥ የመጨረሻው የፀሐይ ብርሃን ነበር፤ እሱም ሦስት ሳምንት ሙሉ እየሸሸ ያየውን ፊት አሁን ሳይሸሽ አየው።

«አሁን ልጠይቅሽ?» አለ።

«አሁን አትጠይቀኝ፤ ተናድጃለሁ። ተናድጄ እሺ ማለት አልፈልግም።»

በዚህ መካከል ገመዱ በኤሎኢሳ እጅ እንጂ በኮሚኖ አንገት ላይ እንዳልነበረ ያስታወሰ የለም። ዘወር ሲሉ ከዓሣው የተረፈው አከርካሪው ብቻ ነበር፤ ውሻውም ለኤሊዎቹ እንቁላል የሚሆን ሆድ እንደሌለው በሚመሰክር እርካታ ተጋድሟል። ዶን ሲሪሎ ከዳሳቸው ባቄላና የበቆሎ ቂጣ አመጡላቸው። ሁለቱ ከአንድ ሳሕን፣ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው፣ ሳይነጋገሩ በሉ። ቁጣዋ ገና አልበረደም፤ ራሷ ግን መንገዱን የሚያውቅ ይመስል ትከሻው ላይ ዐረፈ።

*

ናሳሪዮ ማለዳ ሲነቃ ኤሎኢሳ ድንኳኑ ደጃፍ ተቀምጣ፣ ጠጉሯን ወደ ላይ ጠቅልላ ባሕሩን ታያለች። ሌሊት አንዲት ኤሊ ወጥታ የተመለሰችበት ሰፊ ፈለግ በድንኳናቸው አጠገብ አልፏል።

«የተመለሰ ቅርጫት እንዴት ነው የሚታረቀው?» አለችው፣ እንደምን አደርህ ሳትል።

«አይታረቅም። በኤል ሳሊትራል አንድ በር ሁለት ጊዜ ያንኳኳ እናት የለም። እናቴ ደግሞ… ታውቂያታለሽ። ጥርሷን ያለ ማደንዘዣ ታስነቅላለች እንጂ ሁለተኛ ቅርጫት አትሸከምም።»

«ከሴቷ ወገን ሄዶ የጠየቀስ አለ?»

«ከሴቷ ወገን? የለም።»

«ክልክል ነው?»

ናሳሪዮ ጠጉሩን እያከከ አሰበ። «ክልክል እንኳ አይመስለኝም። ማንም አስቦት አያውቅም።»

«ያልታሰበ ነገር አይከለከልም። ይኸም የአባቴ አባባል ነው። ተነሥ፣ ድንኳኑን እንንቀል።»

«ኤሎኢሳ፣ ምን ይዘሽ ልትሄጂ ነው? ዳቦ የለን፣ ቸኮላት የለን። ያለን ግማሽ ሐብሐብና የውሻ ቀለብ ነው።»

«ባዶ እጄን ነው የምሄደው» አለች። «ከባዶ እጅ ላይ የሚመለስ ዕቃ የለም።»

ናሳሪዮ ድንኳኑን ነቀለ። ከዚያም አንድ ነገር ትዝ ብሎት፣ ስልክ ወደሚይዝበት ወደ ኮረብታው ብቻውን ወጣ። ሲመለስ ፊቱ ቀልቷል፤ ግን ፈገግ ብሏል።

«ማንን ነው ያነጋገርኸው?»

«የመርከቡን ቀጣሪ። ሌላ ሜካኒክ ፈልግ አልሁት።»

«ምን አለህ?»

«የሚነገር አይደለም። እናቴን ጨምሮ አነሣት።»

«ይህን ለእናትህ አልነግርም» አለች፤ ቁልፉንም ከእጁ ወስዳ መሪው ፊት ተቀመጠች። ትላንት በመካከላቸው ተቀምጦ የነበረው ኮሚኖ ዛሬ መስኮቱን መረጠ። ናሳሪዮ የእጇን ጀርባ፣ ማርሽ ላይ እንዳለ፣ በእጁ ሸፈነው። አልተቃወመችም። ስትፈራ እጇ እንደሚቀዘቅዝ ያውቃል፤ እጇም ቀዝቅዞ ነበር።

*

ኤል ሳሊትራል ሲደርሱ ዶኛ ክሪሳንታ በግቢያቸው የማንጎ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ጎምዛዛውን ፍሬ፣ ተምር ሂንዲን፣ ይፈለፍላሉ። ፒክአፗን አይተው አልተነሡም፤ የምትነዳውን ሲያዩ ግን እጃቸው ቆመ።

«ናሳሪዮ፣ ይህችን ልጅ ምን ብለህ ነው ያመጣሃት?»

«እኔ አላመጣኋትም፣ እማ። እሷ ናት ያመጣችኝ።»

ኤሎኢሳ አጥሩ በር ላይ ቆመች። በመንገድ ሁሉ ያዘጋጀችው ንግግር ነበራት፤ ሥነ ሥርዓቱን የጠበቀ፣ መግቢያና መደምደሚያ ያለው። አንዱም አልመጣላትም።

«እንደምን አረፈዱ፣ ዶኛ ክሪሳንታ። ባዶ እጄን ነው የመጣሁት።»

«አየሁ።»

«ልጅዎን ልጠይቅ ነው የመጣሁት።»

በአጥሩ ላይ የተቀመጠች ዶሮ እንኳ ዝም አለች። ዶኛ ክሪሳንታ ልጅቷን ከእግሯ እስከ ራሷ፣ አሸዋ የነካውን ቀሚሷንና ፀሐይ የላጠውን አፍንጫዋን አዩ።

«ማን ላከሽ?»

«ማንም። እናቴ ብታውቅ ኖሮ ራሷ በመጣች ነበር። የሁለታችን ጥፋት የእርስዎን ሥርዓት አለማወቃችን ነው። ቅርጫቱን የመለሰችው ስላከበረችዎት ነው፤ በእኛ ወግ የሰው ዕቃ ቤት አይቀርም። ኬኩን እንኳ ሠራተኛ አላስነካችም።»

ኬክ የሚለው ቃል ሲነሣ የሴትየዋ ፊት ተለዋወጠ።

«በእጃቸው ነው የጋገሩት?»

«በእጇ። ሁለቴ ተቃጥሎባት። የእርስዎን ዳቦ ቀምሳ አፍራ።»

ዶኛ ክሪሳንታ የተምር ሂንዲውን ሳሕን ከጭናቸው አነሡና መሬት ላይ አስቀመጡት። «ለጎረቤት አሳማ ነው የሰጠሁት» አሉ በመጨረሻ፣ ቄስ ፊት እንደቆመ ሰው።

«ሙሉውን?»

«ሙሉውን፤ አንዲት ፍርፋሪ ሳልቀምስ። በነጋታው አሳማው አጥር ሰብሮ መጥቶ ደጄ ላይ ተኛ። በዱላ ብለው፣ በውኃ ብለው አልሄድም አለኝ። ምን ነክቶት ነው ብዬ ነበር።»

ኤሎኢሳ አፏን በእጇ ያዘች። አልቻለችም፤ ሳቋ አመለጣት። ዶኛ ክሪሳንታ ሊቆጡ ከንፈራቸውን ነከሱ፤ ሆኖም ሳቁ ከሆዳቸው ተነሥቶ ሰውነታቸውን ሁሉ ናጠው፤ ዓይናቸውን በሽርጣቸው ጫፍ ጠረጉ፤ ጠረጉና ደግሞ ጠረጉ። የሚጠርጉት የሳቅ ዕንባ ብቻ እንዳልነበረ ሦስቱም ያውቁ ነበር። በዚያ አውቶቡስ ውስጥ ባዶ ጭናቸውን ይዘው በተስፋ የተመለሱበትን መንገድ፣ ከዚያም ወዲህ በገበያ ራሳቸውን ቀና ለማድረግ የከፈሉትን ድካም ማን ይቆጥረዋል?

«ግቢ» አሉ፣ ክንዷን ይዘው። «እንዲህ ያለ ነገር በር ላይ ተቁሞ አይወራም።»

ናሳሪዮ ሊከተላቸው አንድ እግሩን አነሣ።

«አንተ ደግሞ ወዴት?»

«ልገባ ነዋ፣ እማ። ቤቴ አይደለም?»

«ስለ ሰው ሲመከር ሰውየው መካከል አይቀመጥም። እዚያው ጠብቅ።»

«ኮሚኖስ? እሱ ገባ እኮ!»

«ውሻው አልተጠየቀም» አሉ ዶኛ ክሪሳንታ፤ የወጥ ቤቱም መጋረጃ ከኋላቸው ወደቀ።

እናም ናሳሪዮ አጥሩ በር ላይ ቆመ። መረባቸውን ተሸክመው ከባሕር የሚመለሱ ሁለት አብሮ አደጎቹ ሲያልፉ አዩት።

«ናሳሪዮ! እናትህ አባረሩህ?»

«የለም» አለ። «እየተጠየቅሁ ነው።»

ተያይተው፣ ፀሐይ መትታው ይሆናል ብለው አለፉ። ከወጥ ቤቱ የሸክላ ጽዋ ድምፅ፣ የእናቱ ዝቅ ያለ ንግግር ተሰማ። አጥሩን ጨብጦ ጠበቀ። አንዲት ሰዓት እንዲህ ከከበደች፣ በዚህች መንደር ስንት ልጃገረዶች በሰው አፍ እየተወሰነላቸው ስምንት ስምንት ቀን ተቀምጠው እንደነበር አሰበ፤ እሱም ኤሎኢሳን፣ መጠበቋን እንኳ ሳያሳውቃት፣ ሦስት ሳምንት እንዳስጠበቃት። አፈረ። ከዚያም የኤሎኢሳ ሳቅ እንደ ወፍ መንጋ ከመጋረጃው ወጣ፤ የእናቱ ሳቅ ተከተለው፤ አንዲቱ ስትጀምር ሌላይቱ ትጨርሳለች፤ ስሙን ይጠሩታል፣ ይስቃሉ፣ ደግሞ ይጠሩታል። እሱን ግን ማንም አልጠራውም።

የማንጎው ጥላ ከአንዱ የአጥር ምሰሶ ወደ ሌላው ተሻገረ። ናሳሪዮ በሕይወቱ እንዲህ ተረስቶ፣ እንዲህም ተፈልጎ አያውቅም ነበር።